ሳልደውል የሄድኩበት ሐሙስ

ፍሪጅ መጠገን የለመድኩት ላንቻ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። የተቀጠርኩት ወለል እንድጠርግና ስልክ እንዳነሳ ነበር። እጄ ግን አላርፍ አለኝ። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ፈተው የተዉትን ኮምፕረሰር እያገላበጥኩ አያለሁ፤ ሲመለሱ እስከ ክርኔ በጥቁር ዘይት ተለውሼ ያገኙኛል። የሱቁ ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«አንቺ ልጅ፣ መጥረጊያውን ለማን ተውሽው?» አሉኝ።

ተባረርኩ ብዬ ክው ስል፣ «በይ፣ መፍቻ እንደዚያ አይያዝም» ብለው በርጩማ ስበው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ትምህርት ቤቴ ያቺ በርጩማ ናት።

ጋሼ ከነገሩኝ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ግን ከመፍቻም ከሽቦም ጋር የማይገናኝ ነገር ነው። «ደንበኛ ዘንድ ስትሄጂ ቀድመሽ ደውዪ» አሉኝ። «ፍሪጅ ያለው ጓዳ ውስጥ ነው። ሰው ጓዳውን ሳያሰናዳ አትድረሺበት።» እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ሳልደውል የሰው ደጃፍ አልረገጥኩም። ስልክ የሌለው ቤት ከሆነ እንኳ ጎረቤት አስጠርቼ፣ «ከሰዓት እመጣለሁ በሏቸው» እላለሁ። በዚህ ጨዋነቴ እኮራ ነበር። ይኸው ጨዋነቴ ስሜን እንዴት ሊያጠፋው እንደነበር ነው የማጫውታችሁ።

ሚሊኒየማችን ካለፈ በኋላ የካዛንቺስ መልክ እየተለወጠ መጣ። ቆርቆሮው እየተነሳ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሲቆም ሥራችንም አብሮ ተለወጠ፤ ሰዉ ኤሲ ማለት ጀመረ። በተለይ ዳክት የሚባለውን፣ ማሽኑ ኮርኒስ ውስጥ ተሸሽጎ ቀዝቃዛው አየር በቆርቆሮ ቱቦ እየሄደ በየቀዳዳው የሚወጣውን፣ ብዙ ባለሙያ አልደፈረውም ነበር። እኔ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ማኑዋሉን በአንድ ጉልበቴ መዝገበ ቃላቱን በሌላው አድርጌ ገጽ በገጽ ፈታሁት። ጎረቤቶቼ ማትሪክ የምፈተን መስሏቸው፣ «ይቅናሽ!» እያሉኝ ያልፉ ነበር።

በስሜ ያገኘሁት የመጀመሪያው የዳክት ደንበኛ ካዛንቺስ ያለ ባለ አራት ፎቅ መሥሪያ ቤት ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ትልቅ አዳራሽ አለ። የአዳራሹ ማሽን የውጭው ክፍል፣ ሙቀቱን በትልቅ ፋን ወደ ውጭ የሚተፋው ማለቴ ነው፣ ጣራው ላይ ተቀምጧል። ሥራው ሲሰጠኝ «ሴት ናት እንዴ?» ያሉ ሰዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ያ ማሽን ለእኔ ማሽን ብቻ አልነበረም። እሱን በደንብ ከያዝኩት በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች ይጠሩኛል፤ ካልያዝኩት ወደ ፍሪጄ እመለሳለሁ። ካዛንቺስ ውስጥ ወሬ በደረጃ አይወርድም፣ በሊፍት ነው።

ለጥቂት ወራት ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ጥበቃ ደወሉልኝ። ዩኒፎርማቸው የሰፋቸው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ።

«ኢንጂነሯ፣ ማሽንሽ አኮረፈ።»

«ምን ሆነ አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሰዉ ምሳ በልቶ አዳራሽ እንደገባ ቀጥ አለ። ወጥቼ ባየው ቀይ መብራት ይጠቅሰኛል። በዚህ ዕድሜዬ!»

አባባ ያላወቁት፣ «አኮረፈ» ያሉት ቃል ልክ ነበር። የድሮው ኮምፕረሰር ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል። ኢንቨርተር ያለው ግን እንደ ጥሩ ሹፌር ነው፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሜዳ ላይ ይቀንሳል። ይህን የሚያደርግለት በውጭው ክፍል ውስጥ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። ታዲያ ይህ ቦርድ ፈሪ ነው። መብራቱ ሲዋዥቅ፣ ኮምፕረሰሩ ከልክ በላይ ሲስብ፣ ወይም ራሱ ሲግል፣ ከመቃጠሉ በፊት ሁሉንም ነገር ያቆምና ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ፕሮቴክሽን ይሉታል። አኩራፊ ሰው ለምን እንዳኮረፈ እንደማይናገረው ሁሉ እሱም አይናገርም፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የባለሙያው ዕዳ ነው።

እንደ ልማዴ ደወልኩ። «ነገ ከሰዓት እመጣለሁ» አልኩ። ስደርስ ጣራው ተጠርጎ፣ አቧራ እንዳይነሳ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ለእኔ መቀመጫ ወንበር ወጥቶ ጠበቀኝ። እንዴት ያለ ንጹሕ መሥሪያ ቤት ነው ብዬ አደነቅኩ። ማሽኑን አስነሳሁት። ለጉድ ሠራ! አንድ ሰዓት ቆምኩበት፣ ሁለት ሰዓት ቆምኩበት፣ የለም፣ አያኮርፍም።

የሚያቆመው በምሳ ሰዓት ስለሆነ የሰፈሩ ምድጃ ሁሉ ተለኩሶ መብራቱ ወርዶ ይሆናል አልኩ። ለካሁት፤ ደህና ነው። የኮምፕረሰሩን ሦስት ገመዶች ፈትቼ በቴስተር አየኋቸው፤ ሦስቱም እኩል። ወደ ቆርቆሮው የሚያፈስ ኤሌክትሪክ የለም። የላላ ብሎን የለም። ፋኑ ይዞራል። ከጀርባው ያሉትን ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ አየር የሚስብባቸውን፣ በውሃ አጠብኩ። ስጨርስ የሠራተኞች ክበብ ወጥ ሠሪዋ እትዬ፣ «ሳትበዪ አትሄጂም!» ብለው ጎትተው አስገቡኝ። ምግባቸው እጅ ያስቆረጥማል። ጠግቤ፣ ደስ ብሎኝ፣ ምንም ሳላገኝ ሄድኩ።

በሳምንቱ አኮረፈ። ደወልኩ፣ ሄድኩ፣ ጣራው ተጠርጓል፣ ማሽኑ ይሠራል። ደግሞ አኮረፈ። ደወልኩ፣ ሄድኩ፣ ይሠራል። እንግዳ ሲመጣ ጨዋ እንደሚሆን ሕፃን ልጅ እኔን ሲያይ ይታረማል።

ሦስተኛው ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ጣራ ድረስ ወጡ። ከረባታቸው የማይዛነፍ፣ ንግግራቸው የተቆጠረ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ሁለት የቢሮ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«እና፣ ምንድነው እህቴ?»

«እስካሁን አላወቅኩም» ማለት ነበረብኝ። እውነቱ ይኸው ነበር። ግን የሁለቱን ሰዎች ፊት አየሁና አፌ ቀደመኝ።

«ቦርዱ ነው» አልኩ።

በእኛ ሙያ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ስሙ ቦርድ ነው። እኔ በሌሎቹ ላይ ስስቅበት የኖርኩትን ቃል ራሴ ተናገርኩት። ሥራ አስኪያጁ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው አዲስ ቦርድ አስመጡ። በእጄ ገጠምኩት። አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልዬ አባባ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ።

አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ስልኬ ጮኸ።

«ኢንጂነሯ» አሉ አባባ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አዲሱም ጠቀሰኝ።»

ማክሰኞ ደውዬ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አርብ አዳራሹ ውስጥ ከየክልሉ የሚመጡ እንግዶች አሉን። አርብ ካቆመ፣ ሰኞ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ። ነግሬያቸዋለሁ። አንቺ ላይ ክፋት የለኝም፣ በቃ ሥራ ነው።»

ጣራ ወጣሁ። ተጠርጓል። ወንበሬ ወጥቷል። ማሽኑ ይሠራል። ልቤ ደክሞ ጀርባውን በባትሪ ማየት ጀመርኩ፤ ከአሉሚኒየሙ ቅጠሎች መሃል አንዲት ነገር ተወሽቃ አገኘሁ። ጥፍር የምታህል፣ ስስ፣ ቡናማ። አወጣኋት። አሸተትኳት፤ ኮምጠጥ ትላለች። ሰው እንዳያየኝ ዞር ብዬ ነከስኳት። ቀርጨጭ!

ድርቆሽ ናት። ዓይኗ ሳይቀር የሚታይ፣ ኩርሽም የምትል የእንጀራ ድርቆሽ።

«አባባ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

አባባ ድርቆሿን ሳይሆን ሰማዩን አዩ። «ርግብ ጥላው ይሆናላ» አሉ። መልሳቸው ትንሽ ፈጠነብኝ፤ ግን ምን ብዬ ርግብ እከሳለሁ? መጥረጊያው ግድግዳው ሥር ተደግፎ ቆሟል። ዕቃዬን ሰብስቤ ወረድኩ።

ነገሩ የበራልኝ ወደ ለገሃር በሚወርደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር አራት ሆነን ተጣበን ሳለ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ድርቆሿ ግን ቀርጨጭ አለች። ከትናንት ጀምሮ እዚያ ብትሆን ርሳ ሊጥ በሆነች ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣችው። ርግብ ደግሞ ድርቆሽ አታደርቅም። ሌላም ነገር መጣብኝ። የሥራ ዘመኔን የጀመርኩት በመጥረጊያ ነው፤ የመጥረጊያ ፈለግ አውቃለሁ። ጣራው የሚጠረገው ጥግ ጥጉን አልነበረም፤ ማሽኑ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ብቻ ነው በጥንቃቄ የሚጠረገው። በየጊዜው ትኩስ ሆኖ ነው የማገኘው። ማለት፣ እኔ ስደውል ነው የሚጠረገው። እኔ እመጣለሁ ስል የሆነ ነገር ይነሳል፣ ማሽኑም ይታረማል!

«ወራጅ!» ብዬ ጮህኩ። መውረጃዬ ግን ገና ነበር። «እናቴ፣ መሃል መንገድ ላይ?» አለኝ ረዳቱ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዛሬ ብመለስ ምን አገኛለሁ? ተነስቷል። መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሳልናገር።

ሐሙስ፣ ልክ ምሳ ሲያልቅ፣ ሳልደውል ሄድኩ። እመኑኝ፣ ልሰርቅ የምገባ ያህል ግራ ቀኝ አየሁ። ጋሼን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። አባባ በሩ ላይ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ።

«እንዴ! ሳትደውዪ?»

«አዎ አባባ፣ ሳልደውል።»

«ቆዪ ቆዪ፣ እኔ ልቅደም! ጣራው ሳይሰናዳ...»

«እንደዚያው እንዲሆን ነው የምፈልገው» ብዬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁት። አባባ ከኋላዬ፣ «የሰው ገመና ነው እኮ! ባለሙያ በጓዳ አይገባም!» እያሉ ያለከልካሉ።

የጣራውን በር ገፋሁት።

ማሽኑ ፊት ለፊት፣ አንድ ክንድ እንኳ በማይሆን ርቀት፣ አሮጌ የሽቦ አልጋ ተዘርግቷል። በላዩ አጎበር፣ በአጎበሩ ላይ የተቆራረሰ እንጀራ በረድፍ። ከአልጋው ጀርባና ከላዩ ትልቅ ሸራ ከውሃ ታንከሩ እስከ ዲሹ ዘንግ በገመድ ተወጥሮ ማሽኑን እንደ ድንኳን አልብሶታል። በድንኳኑ ጥግ እትዬ ቁጭ ብለው፣ ፊታቸው በላብ ርሶ፣ ድርቆሻቸውን ያገላብጣሉ።

ተያየን።

«ወይኔ ጉዴ!» አሉና ነጠላቸውን በድርቆሹ ላይ ጣል አደረጉበት፣ ድርቆሹ ራቁቱን የተገኘ ይመስል።

ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። «እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ሩቅ አገር ከሄደች ወዲህ ነው። የክበቡ እንጀራ ሲተርፍ ለእሷ አደርቅላታለሁ። ፀሐይ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን ይሄ ንፋስ በሁለት ሰዓት! እንዴት ያለ በረከት መሰለሽ።»

«ሸራውስ?»

«መጀመሪያ ድርቆሹን እያነሳ ካዛንቺስ ላይ በተነብኝ። በዚያ ላይ...» ማሽኑን በአዘኔታ አዩት። «በዚህ ከፍታ ብርድ ይመታዋል ብዬ ከለልኩለት።»

እጄን ከማሽኑ ጀርባ አስገባሁ። የሚስበው አየር እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል። የተፋው ሙቀት ሸራው ላይ ተመትቶ፣ በጎን ዞሮ፣ ተመልሶ ራሱ ይስበዋል። ይተፋል፣ ይስባል፣ ይበልጥ ይግላል። ቦርዱ የሚቀዘቅዘው በዚያው አየር ነው፤ ምን ያድርግ? ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሲሆን ይችለዋል፤ ከምሳ በኋላ ሰው ሲሞላና ኮምፕረሰሩ ሲጠነክር ያኮርፋል።

«አሁን እንዳትነኩት፣ ሁሉም ባለበት ይሁን» አልኩ። ቴርሞሜትሬን ከጀርባው አንጠልጥዬ ሦስታችን ቆመን ጠበቅን። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ማሽኑ ቀጥ አለ። ቀይ መብራት።

«ይኸው ጠቀሰሽ!» አሉ አባባ፣ በኩራት።

በሕይወቴ ፕሮቴክሽን አይቼ እንደዚያ ቀን እልል ልል የቃጣኝ ጊዜ የለም። ሸራውን አወረድን፣ አልጋውን ገፋን፣ ማሽኑ እስኪበርድ ጠብቄ አስነሳሁት። መለኪያው ወረደ። ሠራ። ገና ይህን እያየን ሥራ አስኪያጁ፣ አዳራሹ ሞቀ ተብሎ ተነግሯቸው፣ በሩ ላይ ቆመዋል።

የሽቦ አልጋውን አዩ። ሸራውን አዩ። እትዬን አዩ። እትዬ መሬቱን ያያሉ። ጥፋቱን በእትዬ ላይ መተው እችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም። ግን እትዬ እንጀራ ነው ያደረቁት፤ «ቦርዱ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «የሞቀው አየር ተመልሶ እየገባበት ነው የሚያቆመው፤ ይህን ሳላገኝ ቦርድ አስለወጥኳችሁ። የመጀመሪያው ቦርድ ጤነኛ ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አሁን አሮጌውን እመልሰዋለሁ። አርብ በእሱ ይሠራል። ካቆመ ሰኞን አልጠብቅም፣ ራሴ እሄዳለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ አልጋው ተጠጉ፣ የእትዬን ነጠላ ጫፍ ገለጥ አደረጉ፣ አንድ ድርቆሽ አንስተው ቀርጨጭ አደረጉ።

«ለመድረቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ ወደ እትዬ ዞረው።

«ሁ... ሁለት ሰዓት ጌታዬ። ዩኒቨርሲቲ ላለችው ልጄ ነው።»

«የኔም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። እናቱ የምታደርቀው በመንገድ ሻጋታ ይዞት ይደርሳል።» ከረባታቸውን አስተካከሉና ወረዱ።

አባባ በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው፣ «ትእዛዝ መሆኑ ነው እንግዲህ» አሉ።

አሮጌውን ቦርድ ያን ዕለት መለስኩት፤ አዲሱ በካርቶኑ መጠባበቂያ ሆኖ ተቀመጠ። አርብ ከጠዋት ጀምሬ ጣራ ላይ ነበርኩ። ከታች አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል፤ በየደቂቃው የጀርባውን አየር እለካለሁ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ አለፈ። እትዬ የጾም የድርቆሽ ፍርፍር ይዘው ወጡ። «ብዪ፣ ማሽኑን በዓይንሽ አትበዪው» አሉኝ። አንድ ጉርሻ እውጣለሁ፣ መብራቱን አያለሁ። ፋኑ ሲዞር ዋለ። አሥር ሰዓት ላይ የወንበር መንኳኳት ሰማን፤ ስብሰባው አለቀ።

ሥራ አስኪያጁ ወጡ። ማሽኑን ዞሩት።

«አንድ እንግዳ ሹራቡን አስመጣ» አሉ። «በረደኝ ብሎ።» ከዚያ፣ ፈገግታ የሚመስል ነገር ከንፈራቸው ላይ አልፎ፣ «የሰኞዎቹን ሰዎች አትምጡ ብያቸዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቀይ ቀለም ገዝቼ ጣራው ላይ መስመር አሰመርኩ። ከመስመሩ ወዲህ፣ በማሽኑ በኩል፣ ማንም ምንም አያስቀምጥም። ከመስመሩ ወዲያ፣ ንፋሱ ለዘብ ብሎ በሚደርስበት፣ የእትዬ አልጋ ያለ ሸራ ተዘረጋ፤ በላዩ ሌላ አጎበር ከደንንበት፣ ድርቆሹ መብረር ቀረ። ከሁለት ሰዓት ይልቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እትዬ ይህን እስከ ዛሬ እንደዋሉልኝ ውለታ ይቆጥሩብኛል።

እኔም ወደ ደንበኛ ስሄድ አሁንም እደውላለሁ። የምለው ብቻ ነው የተለወጠው፦ «እመጣለሁ፤ እባካችሁ ምንም አታንሱ፣ ምንም አትጥረጉ።» ወደ ካዛንቺሱ ሕንፃ ስደርስ ግን አባባ አሁንም ወንበር አውጥተው፣ ውሃ ረጭተው ነው የሚጠብቁኝ። ማሽኑን ተያይዘን እናየዋለን።

«ሰላም ነው አባባ?»

«ሰላም ነው» ይላሉ፣ ቅር ያላቸው መስለው። «ይኸው ስንት ጊዜው፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠቀሰኝም። ረሳኝ መሰለኝ።»